በወተት ቆርቆሮ የተቀመጠ ዝና

የሰው ዝና በምን ይለካል? የዘፋኝ በጭብጨባ፣ የሐኪም በር ላይ በሚሰለፈው ሰው ብዛት። የተመራማሪ ዝና በምን እንደሚለካ ግን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ አውቃለሁ። በፖስት ካርድ ነው። የባለቤቴ ዝና አልጋችን ሥር፣ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ባለቤቴ የሰው ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል የሚያጠና ሰው ነው። ሲያስረዳኝ፣ በደማችን ውስጥ ዘበኞች አሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ማነህ፣ ከየት መጣህ ይላሉ፤ ባዕድ ከሆነ ይይዙታል፤ አንዳንዴ ግን ተሳስተው የቤቱን ልጅ ይደበድባሉ አለኝ። በዚያ በደርግ ዘመን፣ ጌጃ ሰፈር፣ ከጎረቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይታችሁ ስትኖሩ እንዲህ ያለ ነገር ብትሰሙ ምን ትላላችሁ? እኔ ቀስ ብለህ አውራ አልኩት።

ስለ ሥጋ ደዌ የጻፈው ጥናት ውጭ አገር ታትሞለት ነበር። የእነሱ ሙያ ደግሞ አንድ ልማድ አለው፤ ጥናቱን የፈለገ ሁሉ አንድ ቅጂ እንዲላክለት በካርድ ይጠይቃል። ካርዱ ፖስታ የለውም፤ ቃሉም ከየትም ይምጣ ከየት ያው ነው፤ ውድ ዶክተር፣ ጽሑፍዎን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ካርድ በመጣ ቁጥር ሚሚን፣ ልጃችንን፣ አንስቶ፣ “አባትሽን ቦምቤይ ላይ አወቁት” ይላታል። ቅጂውን ከላከ በኋላም ካርዱን አይጥልም። የእድገት ማመልከቻ ሲያስገባ፣ ሥራው የት የት እንደተፈለገ የሚመሰክርለት ያ ቆርቆሮ ብቻ ነበር።

አንድ ሰሞን ለሥራ ክፍለ ሀገር ወረደ። የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ አዲስ የመጡ ካርዶች ይዞልኝ ሲመጣ እኔ ሚሚን አዝዬ ልደታ ማርያም ሄጄ ነበር። ተላላኪው ደግ ሰው ነው። እንዳይጠፉብኝ ብሎ ለቀበሌ ሱቅ ሻጩ አደራ ሰጣቸው። ከክፉ ሰው እንጠንቀቅ እንላለን እንጂ ደጉም ቀላል አይደለም። ስመለስ ሻጩ ካርዶቹን ሰጠኝ፤ ዓይኑን ግን ከእጄ አልነቀለም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠበቁኝ። ሻጩ ለሊቀመንበራችን ለጓድ በቀለ ነግሮታል አሉኝ፤ ካርዱ ከየአገሩ ነው፣ ቃሉ ግን አንድ ነው፤ ታዲያ የምስጢር መልእክት ካልሆነ ምንድን ነው? ነገ ጠዋት ቤታችሁ ይፈተሻል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“የሚሚ እናት፣ ወረቀት ካለሽ የዛሬውን ወጥ አብስዪበት።”

በዚያ ዘመን ለትንሽ ወረቀት ወጥቶ የቀረ ሰው አውቃለሁ። ሚሚ ገና አባባ ማለት መጀመሯ ነበር። ቆርቆሮውን ከሰል ምድጃው አጠገብ ዘረገፍኩ፣ አዲሶቹንም ጨመርኩበት፣ ያቺን የስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስታወስኳት። ሞስኮ፣ ትቀመጥ። ፕራግ፣ ሃቫና፣ ቡዳፔስት፣ ይቀመጡ። ቦስተን ወደ እሳት። ለንደን ወደ እሳት። ስዊድን ላይ እጄ ቆመ። ስዊድን የማን ወገን ናት? ቦምቤይስ? የተጠራጠርኩትን ሁሉ ማገድኩት። የደም ዘበኞች እንዴት እንደሚሳሳቱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንዲት የበርሊን ካርድ ብቻ አቃተችኝ፤ በርሊን ሁለት ናትና፤ አንዷ የምሥራቁ፣ አንዷ የምዕራቡ። ከሚሚ የሽንት ጨርቆች መሃል ሸጎጥኳት። ምስር ወጡ በባለቤቴ ዝና በሰለ።

በማግስቱ ጓድ በቀለ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ፍራሹ ተገለበጠ፣ ሳጥኑ ተከፈተ። እኔ ሚሚን ታቅፌ የሽንት ጨርቁ ክምር ላይ ተቀምጫለሁ። ቆርቆሮው ተከፈተ። ጓድ በቀለ የላይኛዋን ካርድ አንስቶ ሞስኮ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ሞስኮ።

“የሶሻሊስቱ ዓለም የሚያውቀውን ሰው እኛ ጎረቤቶቹ ሳናውቀው?” ብሎ ታጣቂዎቹን ገላመጣቸው። ፍራሹን መልሰው አነጠፉልኝ። እሱም ለባለቤቴ መሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ።

ባለቤቴ ሲመለስ ማመልከቻው የሚገባበት ሳምንት ነበር። ቆርቆሮውን አንስቶ ነቀነቀው።

“ሌሎቹስ?”

“ምስር ወጥ ሆኑ” አልኩት፤ ከዚያም ሁሉንም ነገርኩት። ቁጭ ብሎ የቀሩትን ካርዶች አንድ በአንድ ቆጠረ። የዕድሜውን ግማሽ እንዳበሰልኩበት እያወቅኩ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። በመጨረሻ የቀሩትን ካርዶች ከጓድ በቀለ ደብዳቤ ጋር አያይዞ አስገባ። ምን ያድርግ።

አምና ቦስተንንም ለንደንንም አያይዞ ሲያመለክት መልሱ “ይጠና” የሚል ነበር። ዘንድሮ ሥራው በተለይ በሶሻሊስት አገሮች ተፈላጊ መሆኑ ተጠቅሶ እድገቱ ጸደቀለት። ያቃጠልኳቸው አዲስ ካርዶች ባለቤቶች፣ አድራሻቸው አመድ ሆኖ፣ ያ ሐበሻ መልስ እንኳ ነፈገን ሳይሉ አይቀሩም። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ ካርድ ሲመጣ ለሚሚ መንገሩን ትቶ፣ “ለዪልኝ” ብሎ ለእኔ ይሰጠኝ ጀመር።

እድገቱ የጸደቀ ዕለት የበርሊኗን ካርድ ከጨርቁ መሃል አውጥቼ፣ ይቺ የትኛዋ ናት አልኩት። ቴምብሩን አየ። በሩን አየ።

“ከነበረችበት መልሻት” አለኝ።