የሳጅን ላዝሃር ትርፍ ዓመታት

ሞትንና የትራፊክ ፖሊስን ያመለጠ ሹፌር ገና አልተወለደም። ሞት እንኳ ቢሆን የሚመጣው አንዴ ነው፤ ክቡር ሳጅን ላዝሃር ግን በየቀኑ ነበሩ።

እዚህ ጋፍሳ ከተማ ታክሲ የነዳ ሁሉ ያውቃቸዋል። ገበያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ላይ ቆመው ነው ያረጁት። እሳቸው ዘንድ ሰበብ አይሠራም። ሚስቴን ምጥ ይዟታል በል፣ ፍሬኑ እምቢ አለኝ በል፣ መሬት ላይ ተንከባለል፣ መልሳቸው አንድ ነው፤ «አፍህን ተወው። ወረቀትህ ምን ይላል?»

የገዛ እህታቸውን ልጅ የሰርግ አጀብ አስቁመው ሙሽራውን መንጃ ፈቃድ ጠይቀዋል። ሙሽራዋ ስታለቅስ፣ «እንኳን ደስ አለሽ ልጄ፤ የግራው መብራት ግን አይሠራም» አሏት። የአዛዣቸውንም ሚስት ቀጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ዕድገት የሚባል ነገር በደጃቸው አላለፈም። እኔንማ ተዉኝ፤ ስማቸውን ስሰማ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል።

ዘንድሮ የጡረታ ደብዳቤ መጣላቸው። ፖሊስ ቤት ትከሻው ላይ ኮከብ ያለው ይቆያል፣ ተራው ቀድሞ ይሸኛል። ሳጅን ላዝሃር ግን ለተራው የጡረታ ዕድሜ እንኳ ገና አልደረሱም። ድሮ ሲቀጠሩ ልጅ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ስላልሞላ አባታቸው ሁለት ሽማግሌ አስምለው ወረቀቱ ላይ አራት ዓመት አስጨመሩላቸው። ልጁም በበኩሉ ጢም እንዲያበቅል ከንፈሩን በወይራ ዘይት ሲያሽ ከረመ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የሚያወሩት። አሁን ያ የተለመነ ዕድሜ ዞሮ መጣና ከአደባባዩ ሊያወጣቸው ሆነ።

ባለቤታቸው ማብሩካ ካረፈች ወዲህ ቤት የሚጠብቃቸው ግድግዳ ብቻ ነው። «እዚያ ካልቆምኩ ጠዋት ምን ብዬ እነሳለሁ?» አሉኝ።

ፖሊስ መምሪያው ዘንድ አቤት ሊሉ ሲሄዱ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ዩኒፎርማቸውን ተኩሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ የመኪናውን ቀበቶ ማሰሬን አረጋግጠው ተሳፈሩ። ለምስክር ብለው ወደ ውስጥም አስከተሉኝ። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን መኮንን በትሕትና ሰማቸው።

«እንግዲህ ሳጅን፣ በውሸት ዕድሜ ነው የተቀጠርኩት እያሉኝ ነው?»

«እኔ ልጅ ነበርኩ ጌታዬ። አባቴ ነው...»

«ይህን ከጻፍኩት ከሥር ጀምሮ ቅጥርዎ ሕገ ወጥ ነው ሊባል ነው። ጡረታዎም ይሄዳል። እኔ አምንዎታለሁ።» ፋይሉን ወደሳቸው ገፋ አደረገው። «ግን ሳጅን፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

ጉድ እኮ ነው! ስንት ዓመት ይህችን ቀን ስመኝ ኖሬያለሁ። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ ግን አልመጣልኝም።

ሳጅን ላዝሃር ተነሡ። «ትክክል ነው» አሉና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። ስንመለስ ቀበቶ ማሰሬን አላዩም።

አሁን አደባባዩ ላይ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ እጁ «እለፉ፣ እለፉ» እያለ። ነፃ ወጣን! ሳጅን ላዝሃር ማዶ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ፣ ጀርባቸውን ለአደባባዩ ሰጥተው ሻይ ይዘው ይውላሉ። ሻዩ እፊታቸው ይቀዘቅዛል እንጂ አይጠጡትም። ይህን ማየት አቃተኝ።

ስለዚህ መኪናዬን ካፌው በር ላይ፣ «መቆም ክልክል ነው» የሚለው ምልክት ሥር ማቆም ጀመርኩ። መጀመሪያ ዞረውም አላዩኝም። ሰንበትበት ብለው ወንበራቸውን አዞሩ። ባለፈው ሐሙስ ግን ብርጭቆውን አስቀምጠው መጡ።

«አንተ ደንቆሮ፣ ምልክቱ አይታይህም?»

«ለአንዲት ደቂቃ ነው ጋሼ ላዝሃር፣ በሞቴ...»

«አፍህን ተወው። ወረቀትህ ምን ይላል?»

መንጃ ፈቃዴን ሰጠኋቸው። አርቀው ይዘው አነበቡት።

«ጊዜው አልፎበታል።»

«ወረቀቱን ይተዉት ጋሼ። ሹፌሩ ገና ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ቶሎ ፊታቸውን አዞሩ።

«ነገ አሳድሰህ አምጣ» አሉ በቁጣ። «በጠዋት መጥቼ እጠብቅሃለሁ።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። እስከ ዛሬ አላሳደስኩም። ካሳደስኩማ ጠዋት ምን ብለው ይነሳሉ?