ከዐም ፋሩቅ ለመገላገል ማኅበር የገባው ሰው

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ገና ከሩቅ ሲታይ መንገድ የሚቀየርለት አንድ ሰው አይጠፋም። አለቃ አይደለም፤ አለቃማ ቢሮው ውስጥ ስለሚውል ለመሸሽ እንኳን አይመችም። ይህ ሰው የሚሸሸው ስለሚያስብልህ ነው። ሳትጠይቀው ያስብልሃል፣ ምሳህን ስትበላ ያስብልሃል፣ መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ቆሞ እየጠበቀ ያስብልሃል። በኤደን፣ ከመዓላ ወደብ አጠገብ በነበረችው የበረዶ ፋብሪካ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ዐም ፋሩቅ ነበሩ።

ዐም ፋሩቅ፣ አጎት ፋሩቅ ማለት ነው፣ ተወልደው ያደጉት ሼኽ ዑስማን በሚባለው የኤደን ሰፈር ነው። አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው ወሎዬ ናቸው። በዚህም ምክንያት ሥራ የሚያወሩት በዐረብኛ ሲሆን የሚቆጡት ግን በአማርኛ ነበር፤ እናታቸው ይቆጧቸው የነበረው በአማርኛ ነዋ። በእንግሊዞች ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳሉ ወደብ ላይ ሲሠሩ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ቀርተውላቸዋል። ከሁሉም የሚወዷት ግን አንዷን ናት። እንግሊዞቹ ሄዱ፣ ባንዲራው ተቀየረ፣ ሰሜንና ደቡቡ አንድ አገር ሆነ፤ የዐም ፋሩቅ ሰላምታ ግን ንቅንቅ አላለም። «አሰላሙ ዐለይኩም። ሜምበር ነህ?»

ሜምበር ማለታቸው የሠራተኛ ማኅበር አባል ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ያልጠየቁበት ቦታ የለም። ሹፌሩ ዋኤል ያገባ ቀን ሙሽራውን አቅፈው መብሩክ ካሉት በኋላ፣ ቀጥለው አማቱን ስለ ማኅበር ጠየቋቸው። ዐርብ ከሰዓት ጫት ተይዞ፣ ሁሉም በየሐሳቡ ጠልቆ ዝም ባለበት በዚያ ጣፋጭ ሰዓት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጣቱ በቀበቶ ማሽን ስለተቆረጠና ከጎኑ የሚቆም ስላጣ አንድ ሰው ይተርካሉ። ተረኩ ሲያልቅ የማንም ምርቃና በቦታው አይገኝም።

ሙሂዲን ከሚሸሿቸው ሁሉ የባሰው ነበር። ሙሂዲን የደሴ ልጅ ነው። በአባቱ ወገኖች በኩል ኤደን ገብቶ፣ ኸዲጃን አግብቶ አል-ሚምዳራ ይኖራል። ዓይን አፋር ነው። ደባብ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እግሩን ሲረግጡት ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሥራው ከብረት ሣጥን የሚወጣውን የበረዶ ግግር በመንጠቆ እየሳበ ወደ መኪና መጫኛው ማድረስ ሲሆን፣ ዐም ፋሩቅ ሲመጡ ካየ በረዶው የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ገብቶ ከግግሩ ጀርባ ይደበቃል። እሳቸው ደግሞ ቶሎ አይሄዱም። አገሩ በሙቀት ሲቀቀል ሙሂዲን እያስነጠሰ ቤቱ ይገባ ጀመር። ኸዲጃ በኤደን ሰኔ ጉንፋን የሚይዘው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀችው።

በመጨረሻ መረረው። አንድ ጊዜ ከገባሁላቸው ይተዉኛል ብሎ አሰበና ማኅበር ገባ። ስለ መብቱ አስቦ ወይም ክፉ ቀን ይመጣል ብሎ አልነበረም፤ ከዐም ፋሩቅ ለመገላገል ብቻ ነው።

ይህ በሕይወቱ ከሠራቸው ስሕተቶች ትልቁ መሰለው። ለካ ዐም ፋሩቅ አባል ያልሆነውን የሚያሳድዱት በትርፍ ሰዓታቸው ነው፤ አባል የሆነውን ግን ልክ እንደ ወለዱት ልጅ ነው የሚቆጣጠሩት። ሰንደል ጫማ አድርጎ ሲያዩት ቤቱ ይመልሱታል። ግግሩን ብቻውን ሲስብ ካገኙት ከግቢው ማዶ እየጮሁ ይመጣሉ። ኸዲጃ የምትሰጠው ቁርስ ለከባድ ሥራ እንደማይበቃ ገልጸው በሰው ላኩባት። ኸዲጃ ይህን ስትሰማ ምን እንዳለች እዚህ ባይጻፍ ይሻላል።

ጩኸታቸው ከምን እንደመጣ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። ደስታው ከሚባል ሰው ነው። ደስታው አብሯቸው የሚሠራ ጨዋ ሐበሻ ነበር። ሜምበር ነህ ሲሉት በትሕትና «ኢንሻአላህ በኋላ» ሲል ኖሮ አንድ ቀን ግግር እግሩ ላይ ወደቀበት። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ክፍያውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ እነሱ ለጅና ይሉታል። ደስታው እዚያ ብቻውን ቀረበ። እግርህ እንዴት ነው ሲሉት፣ በደንብ ያደገ ሰው እንደሚመልሰው፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነው አለ። ፈጽሞ ድኗል ብለው ጻፉለት። ባልዳነ እግር ወደዚያው ሥራ ተመለሰ፣ አልቻለም፣ ለቀቀ። አሁን ቢር ፈድል የተባለ ቦታ የሰው እርሻ ይጠብቃል። ዐም ፋሩቅ ይግባኝ ሊሉለት ሄደው የማኅበሩ አባል ስላልሆነ አያገባህም ተብለው ተመለሱ። ያን ሰሞን ማንንም ሜምበር ነህ ብለው አልጠየቁም። ሠራተኛው ሁሉ ታመው ነው ብሎ ተጨነቀ።

ስለዚህ ሕጉ አባልንና አባል ያልሆነን ይለያል ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው ሲመጣ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ሕጉማ ለሁሉም እኩል ነው ያ አኺ፣ ወንድሜ። ለጅናው ፊት ከጎንህ የሚቆምልህ ሰው የሚኖረው ግን ሜምበር ከሆንክ ነው።»

የሙሂዲን ተራ የደረሰው ከረመዳን በፊት ነው። ዓሣ የሚጭኑ ጀልባዎች በረዶ እየጠበቁ ነበርና ሁሉም ይሯሯጣል። ግግሩ ከሰንሰለቱ ሾልኮ ወረደና ቀኝ እጁን ከሐዲዱ ብረት ጋር አጣበቀው። ሙሂዲን አልጮኸም። በቀስታ «ይቅርታ፣ እጄ ተይዟል» አለ።

የጮኹት ዐም ፋሩቅ ናቸው። እጁ ተላቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መኪና ሲጠራ፣ እሳቸው ማሽኑ ፊት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ፎርማኑ መጥቶ በዓይኑ አይቶ፣ ጉዳቱ እዚህ፣ በሥራ ሰዓት መድረሱን ሳይመሰክር ማሽኑ አይነሳም አሉ። ጀልባዎቹ ጥሩምባቸውን ነፉ፣ ፎርማኑ ተሳደበ፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም። ሙሂዲን በሕመሙ መሐል ያፈረው በዚህ ነበር። በእሱ ምክንያት ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ፈታ።

ሆስፒታል በተኛባቸው ቀናት ዐም ፋሩቅ አንድም ቀን አልቀሩም። ማንጎ ይዘው ይመጡና ስለ ጉዳት ካሳ እያስረዱ ራሳቸው ይበሉታል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ደግሞ ቤቱ ድረስ እየመጡ ለለጅናው ያለማምዱት ጀመር። ትራስ ደራርበው ከፍ ብለው ይቀመጣሉ፣ መነጽራቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሐኪም ይሆናሉ።

«እጅህ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

ዐም ፋሩቅ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይሸፍናሉ። እንደገና ይጀምራሉ። እንደገና አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ኸዲጃ ከጓዳ ሆና አፏን በሻሿ አፍና ትስቃለች። ሙሂዲን ግን የእውነት ተቸግሮ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዴት ነህ ሲሉት ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። አላህን አመስግኖ አፉን ሳይዘጋ ሮሮ መጀመር ነውር መስሎ ታየው፣ ምናልባትም ኃጢአት። ይህንኑ እያፈረ ነገራቸው።

ዐም ፋሩቅ በዚህ ጊዜ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አላህን አመስግን» አሉት። «ከዚያ ለሰብሳቢዋ ሐኪም ያመመህን ንገራት። አላህ ያውቀዋል፣ እሷ ግን አታውቀውም።»

ለጅናው የተቀመጠ ቀን ዘበኛው አጃቢ አይገባም ብሎ በሩ ላይ አቆማቸው። ዐም ፋሩቅ የማኅበር መታወቂያቸውን አወጡ። ዘበኛው ሰውዬው አባል ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሙሂዲን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዐም ፋሩቅ ለመገላገል የገባባት አባልነት ዐም ፋሩቅን ይዛቸው ገባች።

ሰብሳቢዋ ዶክተር ሃዲል የምትባል ለስላሳ ሴት ነበረች። ችግሩም ይኸው ነው። ብትገላምጠው ኖሮ ምናልባት ልምምዱ ትዝ ይለው ነበር። እሷ ግን ወንበር አስጠጋችለት፣ ፈገግ አለች፣ እንደ ገዛ አጎቷ ያ ዐም ብላ እጁ እንዴት እንደሆነ በዐረብኛ ጠየቀችው። ሙሂዲንም በሙሉ ልቡ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ቢኸይር» አላት፤ ደህና ነው ማለቱ ነው።

ሐኪሟ ልትጽፍ ጎንበስ አለች። ሙሂዲን ያለው ነገር የገባው ያኔ ነው። ቢር ፈድል ታየው፤ እያነከሰ በእርሻው ዳር የሚዞረው ደስታው ታየው። አፉ ግን አልከፈት አለው። ዐም ፋሩቅ ሲነሱ ሰማ። አሁን ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ሊጮኹ ነው ብሎ አንገቱን ሰበረ።

አልጮኹም። ሙሂዲን በዚህ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም። «ዶክተር» አሉ፣ «ይሄ ለአላህ ያለው ምስጋና ነው። ላንቺ ገና አልመለሰልሽም። የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ያሳይሽ።»

ሸሚዙን ጠዋት ያለበሰችው ኸዲጃ ናት። ከአደጋው ወዲህ በየቀኑ የምታለብሰው እሷ ናት፤ ይህን ከእሱና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ነበር የሚያስበው። ቀኝ እጁን ወደ አንገቱ አነሳ። ጣቶቹ እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆኑበት። ቁልፉን ነካው፣ ገፋው፣ አመለጠው። እንደገና። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ከጎን የተቀመጡት ሐኪሞች ወሬያቸውን አቆሙ። ሐኪሟ በቃ ይተዉት ስትለው እጁ ገና ቁልፉ ላይ ነበር።

«አይጨብጥም» አለ ሙሂዲን ወለሉን እያየ። «ጉርሻም አይዝልኝም። ሚስቴ ናት የምታለብሰኝ።»

ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር። ዶክተር ሃዲል ጎንበስ ብላ ብዙ ጻፈች። የተጻፈው ሲነበብ ጉዳቱ ዘላቂ ነው፣ ካሳው ይገባዋል፣ ፋብሪካውም ቀላል ሥራ ይስጠው የሚል ሆነ።

ሲመለሱ ደባብ ውስጥ ሙሂዲን ሊያመሰግናቸው ጉሮሮውን ጠረገ። አላስጀመሩትም። ያን ሁሉ ቀን ደክመው አስተምረውት ቢኸይር በማለቱ በተሳፋሪው ፊት በአማርኛ ወረዱበት። የቁልፉን ነገር እንዴት እንዳወቁ ቢጠይቃቸው፣ «እስከ አንገትህ ቆልፈህ አይቼህ አላውቅም፤ እንዲህ አጥብቃ የምትቆልፈው ሚስት ናት» አሉት። ከዚያ ወደ ደባቡ ሹፌር ዞሩ፤ ሰውዬው ሜምበር አልነበረም።

ሙሂዲን የበር ጠባቂ ሆነ። ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ በግራ እጁ የሚከፍተው አንድ የብረት በር አለው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ዐም ፋሩቅ ጡረታ ወጡ። ጡረታ ግን የወጡት በወረቀት ብቻ ነው፤ በነጋታው የእረፍት ሰዓት ላይ እንደ ልማዳቸው መጥተው አዳዲሶቹን ሠራተኞች ያዙ። አዲሱ ሙዲር፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁ፣ ባሲል የሚባል ወጣት ነበር። ጡረተኛ ግቢ እንዳይገባ አዘዘና ትእዛዙን ለበር ጠባቂው ሰጠ።

ያን ዕለት ሙሂዲን ምሳ አልወረደለትም። ይህን ወንበር ቢያጣ በዚህ እጅ ሌላ የሚቀጥረው የለም። በፀሐይዋ መሐል ዐም ፋሩቅ ያገለደሙትን ፉጣ ሰብሰብ አድርገው፣ ገና ከመንገዱ ማዶ እየተናገሩ ሲመጡ አያቸው። ቀዝቃዛው ክፍል አሁን ሩቅ ነው። ተነሳና በሩን ከፈተላቸው።

ባሲል ማን እንዳስገባቸው ሊጠይቅ እየተንደረደረ መጣ። ሳላያቸው አለፉኝ ማለት ይቻል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ሙሂዲን። «ነገም አስገባቸዋለሁ ያ ሙዲር።»

ባሲል አየው፣ እጁን አየ፣ ከግቢው መሐል የሚመጣውን ጩኸት አዳመጠ። ቢያንስ ድምፃቸውን እንዲቀንሱ ንገራቸው ብሎ ሊሄድ ሲል፣ ሙሂዲን እሱን ቃል መግባት እንደማይችል በትሕትና አስረዳው።

ዐም ፋሩቅ ሲወጡ ምስጋና የሚባል ነገር አልተነፈሱም። በሩ ሲከፈት ሲጢጥ ማለቱ ሰው ያሳብዳል፣ ዘበኛ ተብዬው ማጠፊያውን ዘይት መቀባት እንኳን አያውቅም እያሉ አልፈውት ሄዱ። ሙሂዲን በማግስቱ ከቤቱ ዘይት ይዞ መጣ፤ እሳቸው ከመድረሳቸው በፊት ተንበርክኮ፣ በግራ እጁ፣ ማጠፊያውን አንድ በአንድ ቀባው።