ያልተባለውን የሚያደርሱት ባርባ አርጊሪስ

የተጣሉ ሰዎች ባሉበት ሁሉ አርፎ መቀመጥ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልላከውም፣ ማንም አልሾመውም፤ ግን ከጠበኞቹ ይልቅ እንቅልፍ የሚያጣው እሱ ነው። የመንደራችን እንዲህ ያለ ክቡር አምባሳደር ባርባ አርጊሪስ ነበሩ። ሽማግሌን ስናከብር «ባርባ» እንላለን፤ እሳቸውን ስንሰድብም ማክበሩን አንተውም ነበር።

መንደራችን አንድ አደባባይና ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ቡና ቤቶች አሏት። ሰማያዊ ወንበር ያለው የቀኞቹ፣ አረንጓዴ ወንበር ያለው የሶሻሊስቶቹ ነው። ሁለቱ ወገኖች ከተጣሉበት ምርጫ ወዲህ ሰማያዊ የሆነ ሰው አረንጓዴ ወንበር ላይ ከሚቀመጥ ቆሞ መሞትን ይመርጣል። ባርባ አርጊሪስ ብቻ በሁለቱም ቡና ይጠጡ ነበር። አንዱ ቤት አንድ ከጠጡ ሌላው እንዳይቀየም እዚያም አንድ ይደግማሉ። ጨጓራቸው ለመንደሩ ሰላም የተሠዋ ነበር።

ሥራቸው ቃል ማመላለስ ነበር። ከሰማያዊው በር «ያንን አህያ ወይራው ይድረቅበት በሉልኝ!» ተብሎ የወጣው፣ ሃያ እርምጃ ተጉዞ አረንጓዴው በር ሲደርስ «ወይራህ ዘንድሮ እንዴት ነው ብሎሃል» ሆኖ ይገባል።

«እሱ ነው እንዲህ ያለው?»

«ድምፁ ነው እንጂ ክፉው፣ ቃሉስ ደህና ነው።»

የቡና ቤቶቹ ባለቤቶች በአደባባዩ ዛፍ ጥላ ሲጣሉ፣ ባርባ አርጊሪስ ለአንዱ «ያኛው የጠዋቱን ጥላ ለቆልሃል»፣ ለሌላው «ያኛው የከሰዓቱን ለቆልሃል» አሉ። ፀሐይዋ ድሮም እንደዚያው ነበር የምታደርገው። ሁለቱም ግን «አይ፣ ለካ ሰው ነው» አሉ፤ ለየብቻቸው።

አባቴ ሰማያዊ፣ ታላቅ ወንድሙ ስፒሮስ አረንጓዴ ነበሩ። አምስት ዓመት አልተነጋገሩም፤ ባርባ አርጊሪስም አምስት ዓመት አላረፉም። በታኅሣሥ አጎቴ ስሙን የወረሰው ቅዱስ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን ባለበዓሉ ማንንም አይጠራም፤ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። የገባን እንግዳ ማስወጣት ነውር ነው።

«ሚናስ» አሉት ባርባ አርጊሪስ አባቴን፣ «ወንድምህ ‹ዘንድሮም አይመጣም እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

አባቴ ተላጨ፣ ደህናውን ኮት ለበሰ፣ አንድ ካርቶን ኬክ ገዛ።

እኔ ያኔ ከተማ ሕግ የምማር፣ እውነትን የመናገር ፍቅር የያዘኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ያን ጠዋት አጎቴን መንገድ ላይ አግኝቼው «አባባን ጠርተኸዋል እንዴ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«እኔ? እሱን ከምጠራ ምላሴ ይቆረጥ!»

አባቴ አንድ እግሩ ከደጃፉ ሲወጣ ይህንኑ ቃል በቃል ነገርኩት።

«እንደሱ አለ?»

«እንደሱ አለ።»

ኮቱን አወለቀ። ኬኩን እኛው በላነው።

በማግስቱ ባርባ አርጊሪስ አደባባይ ላይ አገኙኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር።

«እውነቱን ነው የተናገርከው፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁን ምን ልታደርግበት ነው?»

አጎቴ በመጋቢት ሞተ። ባለቤቱ በቀብሩ ዕለት ለእናቴ እንደነገረቻት፣ ባርባ አርጊሪስ ለእሱም «ሚናስ መምጣት ይፈልጋል፣ አፍሮ ነው» ብለውት ኖሯል። በበዓሉ ዕለት አጎቴ በዚያ ብርድ ካፖርቱን ደርቦ፣ እስኪመሽ በሩን አላስዘጋም። እናቴ ይህን ለአባቴ አልነገረችውም። እኔም አልነገርኩትም።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው። ከለቅሶው በኋላ የአጎቴ ልጅ ኡራንያ ደወለችልኝ።

«እስቲ ሳትዋሸኝ ንገረኝ፤ አባትህ አባቴን አንስቶት ያውቃል?»

አባቴ ከዚያ በዓል ወዲህ የወንድሙን ስም አንድም ቀን አልጠራም።

«ሁልጊዜ ያነሳው ነበር» አልኳት። «‹ጥፋተኛው እኔ ነኝ› ይል ነበር።»

ስትናፈጥ ሰማኋት። ቃሉ የእኔ ነበር፤ በአባቴ ስም ላክሁት። ባርባ አርጊሪስ ቢኖሩ ከዚህ የተሻለ ያበጁልኝ ነበር።