ስድስት ዓመት ያልተሳበ ፍሬን

መኪናዬን ጠንቅቄ አውቃታለሁ የሚል ወንድ ሁሉ ይዋሻል! አዎ፣ አንተንም ጨምሮ። ቅር ካለህ ንባቡን ተውና ወርደህ ጎማህን ተመልከት። እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ሙሉ ስዋሽ ኖሬ ያጋለጠችኝ መኪናዋ ናት።

መኪናዬ አሮጌ ፎርዊል ናት። የምንኖረው ሮማ ከተማ፣ ሮማኒና አካባቢ ሲሆን፣ እሷ የጋራዡ በር ስለማያስገባት ውጭ ታድራለች፤ ዝናቡም ፀሐዩም የሷ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን የሰፈራችንን ሰው ግማሹን የምትጭነው እሷ ናት፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ኦስቲያ ባሕር ዳር ታወርደናለች። እወዳታለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ግን ዓይኗን ማየት አትፈልግም። ታዲያ ባለፈው ወር ሬቪዚዮኔ፣ ማለትም በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የመኪና ምርመራ፣ ደረሰ። የቀደሙት መርማሪዎች መብራትና ጎማ ብቻ አይተው ያሳልፉኝ ነበር።

መርማሪው "ፍሬኖ አ ማኖ!" አለኝ። የእጅ ፍሬኑን ሳብ ማለቱ ነው። ሳብኩ። ወይ ፍንክች! በሁለት እጄ ሳብኩ። እግሬን ዳሽቦርዱ ላይ ተክዬ ሳብኩ...

"ባስታ፣ ባስታ!" አለ፣ ወንበሩን ነቅዬ እንዳልወጣ ሰግቶ። ወረቀቷ ላይ "ይደገም" የሚል ማኅተም መታበትና የአንድ ወር ጊዜ ሰጠን።

አልማዝ ወረቀቱን አየችው።

"አሎራ፣ በወሩ ካላለፈች ሮታማቶሬ ትወስዳታለህ።" አሮጌ መኪና የሚጨፈለቅበት ቦታ ማለቷ ነው።

"አልሚዬ..."

"አልሚዬ የለም!"

በነጋታው ጋሽ ተኽለ ዘንድ ሮጥኩ። ጋሽ ተኽለ አስመራ ተወልደው፣ መኪና ሲፈቱ ያረጁ መካኒክ ናቸው። ጋራዥ ስገባ ጣሊያንኛዬ እንዴት እንደሚፈታ ብታዩ! ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ኩዌስቱራ ፖሊስ ቢሮ ስሄድ አንደበቴ የሚተሳሰረው ሰውዬ፣ እዚህ ካቻቢቴ፣ ማርቴሎ፣ ታምቡሮ እያልኩ እንደ ሮማ ተወላጅ እፏልላለሁ። አገር ቤት ስንጠራቸው የኖርናቸው ስሞች ናቸዋ።

ጋሽ ተኽለ የኋላ ጎማዎቹን ፈቱ። ፍሬኑን የሚሸፍነው ታምቡር አልላቀቅ አለ። ዘይት ረጩበት፣ አሳደሩት፣ ዙሪያውን በማርቴሎ ቀጠቀጡት። በሁለተኛው ቀን ሲላቀቅ ከውስጡ የወረደው ዝገት ጫማዬን ሸፈነው። የፍሬኑ ገመድማ ከነመሸፈኛው አንድ ብረት ሆኗል።

"ይሄን ፍሬን ለመጨረሻ ጊዜ የሳብከው መቼ ነው?" አሉኝ።

ጫማዬን ማራገፍ ጀመርኩ።

"አንተን እኮ ነው!"

"ስቤው አላውቅም፣ ጋሽ ተኽለ።"

"ታዲያ ስትቆም?"

የኋላውን በር ከፍቼ ድንጋዬን አሳየኋቸው።

አትሳቁ! እኔ መንዳት የተማርኩት ደሴ ነው፤ ዳገቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያስተማሩኝ ሾፌር የእጅ ፍሬን ለሚያምን ሰው መንጃ ፈቃድ አይሰጠው ባይ ነበሩ። መኪና ቆመ ማለት ጎማው ስር ታኮ ገባ ማለት ነው፣ አለቀ። ሮማ መኪና ስገዛም ደህና ድንጋይ ፈለግሁ (አይዟችሁ፣ ከኮሎሴዮ አላነሳሁም!)፤ ይኸው ስድስት ዓመት። ጣሊያን ጎረቤቶቼ ማታ ማታ ጎንበስ ብዬ ሳስቀምጠው ሲያዩ የሃይማኖቴ ሥርዓት ይመስላቸዋል።

ጋሽ ተኽለ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ።

"ስማ፣ ይሄን ፍሬን የገደልከው አንተ ነህ። ስላልነካኸው ነው የዛገው። ከእንግዲህ በቆምክ ቁጥር ሳብ። ሜዳም ቢሆን ሳብ፣ ቀይ መብራትም ቢሆን ሳብ!"

"እሺ ጋሽ ተኽለ።"

አዲስ ገመድና አዲስ የፍሬን ሸራ አስገቡላት። እኔም ወደ ምርመራው ተመለስኩ። "ፍሬኖ አ ማኖ!" ሲለኝ በሁለት ጣቴ ሳብ ባደርገው... ጥርቅም! መኪናዋ ቀጥ አለች። "ቫ ቤኔ" አለ መርማሪው፣ ፍሬኑን ራሱ እየለቀቀ። ላልዋሻችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በቀጥታ አልማዝን ከሥራዋ ልወስዳት ወደ ኤስኲሊኖ በረርኩ። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። እሷ ጋ ስደርስ ግን በደንብ ሳብኩ። ወረቀቱን አፍንጫዋ ስር አውለበለብኩና ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች ትንሽ እንደሄድን።

"አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው" አልኳት በባለሙያ ድምፅ።

"ለምንድን ነው የምታቃስተው?"

"ደስ ብሏት ነው።"

አጠገባችን የደረሰ ሞተረኛ "ፉሞ! ፉሞ!" እያለ ወደ ኋላ ጎማችን ጮኸ። እውነትም ጭሱ ይትጎለጎላል። ዳር ይዤ አቆምኩ። እንደታዘዝኩት ፍሬኑን ልስብ እጄን ስሰድ... ተስቧል። ለካ ከኤስኲሊኖ ጀምሮ እንደተሳበ ነው! ስድስት ዓመት ስቤው የማላውቀውን ነገር መልቀቅ እንዳለብኝ ማን ነገረኝ?

አልማዝ አልጮኸችም። በጮኸች ይሻለኝ ነበር። ወረደች፣ ዞረች፣ በኔ በኩል ያለውን በር ከፈተች፣ እጇን ዘረጋች።

"ቁልፉን።"

"አልሚዬ፣ አልፋለች እኮ! ወረቀቱ..."

"መኪናዋማ አልፋለች። ትቀመጥ፣ ሮታማቶሬ አትሄድም። የወደቅከው አንተ ነህ።"

አልማዝ የምትንከባከባቸውን ሲኞራ በትንሿ መኪናቸው ሐኪም ቤት ስታመላልስ ዓመታት አስቆጥራለች። ጎማው እስኪበርድ ጠበቀች፣ ፍሬኑን ለቀቀች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ነዳች። ከዚያን ቀን ወዲህም እሷው ናት የምትነዳው።

መኪናዬን ግን ከመጨፈለቅ አድኛታለሁ፤ ይሄን ማንም አይነጥቀኝም። አሁን በቀኝ በኩል ካለው ወንበር ሆኜ ነው የማያት። ከዚህ ሲያዩዋት ደግሞ ምንኛ ታምራለች መሰላችሁ!