ሦስት ደቂቃ ተሰጥቶኝ «እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ

ዛሬ ያደረግኩትን ስነግራችሁ ግማሻችሁ አንፎሎ ታደርጉኛላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ ላይቭ ላይ ስላያችሁኝ ቀድማችሁ አድርጋችኋል!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የዘንድሮው ጉድ እኔ ነኝ።

ለፔጁ አዲስ የሆናችሁ ባጭሩ ላስረዳችሁ። የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር ነኝ። ጠዋት ጠዋት ልጆች ስሰበስብ የምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ የት እንደተቆፈረ፣ የትኛው ሕንጻ ሊፈርስ እንደታጠረ፣ የትኛው ሱቅ መስኮቱ ላይ ወረቀት እንደለጠፈ ከማንም በፊት አያለሁ። ከሥራ ስወጣ ፔጄ ላይ በአማርኛ እነግራችኋለሁ። «እዚያ ማዞሪያው ጋ የሚሠራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ኢንቦክስ ስታደርጉ የምመልስላችሁ እኔው ነኝ። (በነገራችን ላይ ሥጋ ቤት አይደለም። የጥርስ ሐኪም ነው። እኔም አዝኛለሁ።)

የዛሬው ግን የፕላዛው ጉዳይ ነው።

ፕላዛውን ታውቁታላችሁ። ከፊት ላውንድሪውና የልብስ ሰፊው ሱቅ፣ ከኋላ ደግሞ ድሮ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረው አዳራሽ። አዳራሹን እድራችን ተከራይቶታል። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነው። አሁን ፕላዛውን ዴቨሎፐር ገዝቶታል፤ አፍርሶ አፓርትመንት ሊሠራበት ነው።

ይሥራ! እኔ ግንባታ እጠላለሁ እንዴ? ክሬን ሳይ ልቤ የሚዘል ሰው ነኝ! የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከአፓርትመንቱ ሥር ለሰፈሩ ሰው የሚከራይ አንድ አዳራሽ ይሥራልን።

ፕላኑ ላይ «የማኅበረሰብ ክፍል» የምትል ነገር አለች። አሥራ ሁለት ሰው ትይዛለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ትዘጋለች። እሷንም ለመያዝ ከሠላሳ ቀን በፊት ኢሜይል ማድረግ ያስፈልጋል።

አሥራ ሁለት ሰው! የእኛ ለቅሶ ላይ እኮ ወጥ የሚያሞቀው ሰው ብቻ አሥራ ሁለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከሥራ መልስ፣ ግንባታውን የሚፈቅደው ቦርድ ፊት ሂሪንግ ነበረን። አስተያየት ያለው ተመዝግቦ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገራል፣ ከዚያ ቦርዱ ይወስናል።

አሁን ወደ ውርደቴ እንምጣ።

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ቪዲዮ ታስታውሳላችሁ? የኩሽና ሰዓት ይዤ የተቀረጽኩትን? «ይሉኝታችሁን ፓርኪንግ ላይ ትታችሁ ግቡ! ስማችሁ ሲጠራ እንደ ጥይት ተነሱ! ሰላምታ የለም፣ ምርቃት የለም፣ በቀጥታ ወደ ነጥቡ! እኔ ቀድሜ አሳያችኋለሁ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቪዲዮውን ላጠፋው ብዬ ነበር፣ ሼር ያደረጋችሁትን ሰዎች ይሉኝታ ያዘኝ።

ስንደርስ የቦርዱ አዳራሽ በሀበሻ ጢም ብሏል። ነጠላ የለበሱ አሉ፣ ሂጃብ ያደረጉ አሉ፣ የሥራ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ የመጡ አሉ። የእኛ እድር እንዲህ ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ የወሎ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለበት። ደስ ብሎኝ ስልኬን ቦርሳዬ ላይ አስደግፌ ላይቭ ከፈትኩ።

«ቤተሰብ! ዛሬ ታሪክ ይሠራል!» አልኩ። ብያለሁ። አልክድም።

የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴትዮ ናት። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ብላ ስሜን ጠራች። ስሜን አስተካክላ መጥራቷ ራሱ አስደነገጠኝ!

እንደ ጥይት ተነሳሁ። እስከዚህ ድረስ ቪዲዮውን አክብሬያለሁ።

ወደ ማይኩ ልሄድ ስል ከኋላዬ የተቀመጡትን ጋሽ ታዬን አየኋቸው። ጋሽ ታዬ የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከረባታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

እግሬ እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ።

«አንቺ ነሽ የተጠራሽው፣ ሂጂ!»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ እያሉ እኔ?»

«ልጄ፣ ሂጂ፣ ሴትዮዋ እየጠበቀችሽ ነው!»

ሴትዮዋም ጠበቀች፣ ከዚያ ሰለቻት። «የምንጠራው በተመዘገባችሁበት ተራ ነው። ትናገሪያለሽ ወይስ ልለፍሽ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ በእንግሊዝኛ «እሳቸው ሽማግሌ ናቸው» ብዬ መለስኩላት።

አለፈችኝ!

ቀጥሎ ሐጂ ሰይድ ተጠሩ። ሐጂ የእድሩ ምክትል ናቸው። «አስተግፊሩላህ! ጋሽ ታዬ ተቀምጠው እኔ ልናገር?» አሉ። ታለፉ። እትዬ ዘነበች ተጠሩ። «ሐጂ ያልተናገሩትን እኔ ማን ነኝና?» አሉ። ታለፉ።

ከዚያ በኋላማ ስም በተጠራ ቁጥር የተጠራው ብድግ ሊል ይጀምራል፣ ወደ ጋሽ ታዬ ዞር ይላል፣ ይቀመጣል። ያን ሁሉ ቪዲዮ አይቶ አንድም ሰው ወደ ማይኩ አልሄደም። ምን ያድርጉ፣ አስተማሪዋን አዩዋ!

የዴቨሎፐሩ ጠበቃ ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አልረሳትም።

ጋሽ ታዬ ለምን ቀደም ብለው አልተጠሩም ትሉኝ ይሆናል። ሲመዘገቡም ሰው ሲያስቀድሙ፣ ሲያስቀድሙ፣ የመጨረሻው ስም የእሳቸው ሆኖ ነዋ!

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም።

አባቴ አገር ቤት የሞተ ጊዜ የምኖረው እዚህ ላንግሊ ፓርክ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩተው መርዶውን የነገሩኝ ጋሽ ታዬ ናቸው። ለቅሶው እዚያችው ክፍል ሆነ። ሰው ቤት ሞልቶ ኮሪደሩን ሞላ፣ ኮሪደሩ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የእድሩ ወንበሮች መግቢያ አጥተው ፓርኪንጉ ላይ ዝናብ መታቸው። የሕንጻው ማኔጀር መጥቶ «ይህ ሁሉ ሰው ይውጣ» አለ። ያኔ ጋሽ ታዬ ሦስቱንም ቀን ደረጃው ሥር ቆመው፣ ለሚገባ ለሚወጣው ጎረቤት ሁሉ ባርኔጣቸውን እያወለቁ «ይቅርታ፣ አባቷ ሞቶባት ነው» ሲሉ ዋሉ። እኔ ከላይ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። አባቴን ላልቅስ ወይስ በእሳቸው መቆም ልፈር፣ ግራ ገባኝ።

የምንጣፉን አዳራሽ እድሩ የተከራየው ከዚያ በኋላ ነው። «ከእንግዲህ ሰው ደረጃ ላይ አያለቅስም» ያሉት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ እኚህን ሰው ቀድሜ ልናገር?

በመጨረሻ ጋሽ ታዬ ተጠሩ። ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ወደ ማይኩ ሄዱ። ሦስት ደቂቃውን የሚቆጥረው ሰዓት ላይ አረንጓዴ መብራት በራ።

«የተከበሩ የቦርዱ ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ?»

በድሮ ተማሪ ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ እያንዳንዱ ቃል እንደ ሸሚዝ ተተኩሶ የወጣ። ዝም ብለው መልስ ጠበቁ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት «ደህና ነን፣ አመሰግናለሁ» አለች።

«ቤተሰብ ደህና ነው?»

«አዎ… ደህና ነው።»

እኔ ሰዓቱን አየሁ! ከዚያ ይህን አገር ስለተቀበለን አመሰገኑ። የቦርዱን አዳራሽ አሳምረው የሠሩትን አናጢዎች አመሰገኑ። ስለ እንግሊዝኛቸው ይቅርታ ጠየቁ። ታመው ለቀሩ የእድሩ አባላት ይቅርታ ጠየቁ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ጠበቃውን ሳይቀር «ሥራ ነውና አልቀየምህም» አሉት!

«እንግዲህ ወደ መጣንበት ጉዳይ ስንገባ…»

ቀይ። ማይኩ ጠፋ።

ላይቩን ስታዩ የነበራችሁት ኮመንት ላይ የሚያለቅስ ኢሞጂ ስታወርዱ አይቻለሁ። አልቀየምም። እኔም የምር እንባዬ መጥቶ ነበር።

ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችንና ፊቷ ተለወጠ። ለካ ሁላችንም ቆመናል! ማንም ተነሱ አላለንም። ጋሽ ታዬ ወደ ማይኩ ሲሄዱ ነው የተነሳነው፤ እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል? ዘበኛው «እባካችሁ ተቀመጡ» እያለ በወንበሮቹ መካከል ይመላለሳል። ማን ሰምቶት!

«ለምንድን ነው ሁሉም የቆሙት? ተቃውሞ ነው?» ብላ ጠየቀች ሰብሳቢዋ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ለሚቀጥለው ይጠቅማችኋል። ቦርዱ ራሱ ሲጠይቅ ሰዓቱ አይቆጥርም፣ ማይኩም ይበራል!

«እሳቸው ስለቆሙ ነው!» ብዬ ከኋላ ጮህኩ። እግሬ ምን እንደነካው እንጃ፣ ማይኩ ጋ ደርሻለሁ። ስለማመደው የከረምኩት ወረቀት ወንበሬ ላይ ቀርቷል።

«ተቃውሞ አይደለም። እኛ እንዲህ ነን። ሰው ሲሞትብን ይህ ሁሉ ሰው ይመጣል። ማንም አይጠራውም፣ ይመጣል። ሦስት ቀን አብሮን ይቀመጣል፣ ያበላናል፣ ብቻችንን እንዳናብድ። ፕላኑ ላይ ያለችው ክፍል አሥራ ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ከሠላሳ ቀን በፊት ኢሜይል አድርጉ ትላለች። ሞት ግን ከሠላሳ ቀን በፊት ኢሜይል አያደርግልንም።»

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። ጠበቃው የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረ። ፈገግታው የለም!

ሦስተኛ ወንበር ላይ ያለው የቦርድ አባል ወደ ሰብሳቢዋ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። ከዚያ እሷ ውሳኔው ዛሬ እንደማይሰጥ ተናገረች። ዴቨሎፐሩ መጀመሪያ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ስለ ክፍሉ ይነጋገር አለች። አሸነፍን ማለት አይደለም፣ ልብ በሉ። አዳራሽ አልተሰጠንም። በሩ አልተዘጋም፣ ያ ብቻ ነው። ያ ለእኔ ይበቃኛል።

«እናንተን ወክሎ ከዴቨሎፐሩ ጋር የሚነጋገረው ማን ነው?» አለች።

ጋሽ ታዬ ዞሩ። «ሐጂ ይሁኑ።»

«ኧረ ወላሂ! ጋሽ ታዬ እያሉ!»

«እትዬ ዘነበች ትሁን እንጂ…»

«እኔ? ኧረ በሞታችሁ!»

ጀመረን! ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀምጦ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«እኔ ነኝ!»

ማይኩ እንደበራ ረስቼዋለሁ። አዳራሹ በእኔ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ማንንም ሳላስቀድም፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ጋሽ ታዬ አጠገቤ ቆመው «እኔ ነኝ» አልኩ። ሰብሳቢዋ ስሜን ጻፈች። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የዴቨሎፐሩ ቢሮ።

ጋሽ ታዬ ሳያዩኝ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ባርኔጣቸውን አነሱ። አበቃ፣ ተቀየሙኝ አልኩ በልቤ። አባቴን አብረውኝ ያለቀሱትን ሰው በአደባባይ ዘለልኳቸው።

ልንወጣ ስንል የመስታወቱ በር ላይ ተጣበቅን። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ይለፉ።» «ኧረ እርስዎ ይለፉ።» «በሞቴ!» ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ጣራ ጣራ ያያል።

ሰዉ ለጋሽ ታዬ መንገድ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን በሩ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅደሚ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ…»

«ቅደሚ አልኩሽ፣ ልጄ። እኛ መቆሙ ሰልችቶናል። የምንቀመጥበትን ፈልጊልን።»

አንገቴን አቀናሁና በዚያ ሁሉ ሽማግሌ መሐል አልፌ፣ ቀድሜ፣ በሙሉ ልብ፣ በሩን ሳብኩት።

የሚገፋ ነበር።

ሁለቴ ሳብኩት!

እንግዲህ ወኪላችሁ እቺ ናት። እዚህ ጎረቤት አሌክሳንድሪያ ያላችሁም አትሳቁ፤ እናንተም ሰፈር ፕላዛው ፊት ለፊት የሂሪንግ ማስታወቂያ ተተክሏል፣ ባለፈው ሳልፍ አይቼዋለሁ። ማክሰኞ ጠዋት የልጆቹን ዙር ጨርሼ በቀጥታ ወደ ዴቨሎፐሩ ቢሮ እሄዳለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ እውነቱን መልሱልኝ።

ከኋላዬ መጥታችሁ የምትቆሙት እነማን ናችሁ? ኮመንት ላይ ደግሞ «እገሌ ይቅደም» እንዳትሉኝ!