ከመርገጡ በፊት የሚቆመው ሰው

በየመንደሩ ከመርገጡ በፊት የሚቆም አንድ ሰው አለ፤ የሌለበት መንደር ካለ ነዋሪዎቹ አልቀው ይሆናል። በእኛ ሐይቅ ዳር የሚቆሙት ክቡር ኦስካሪ ናቸው።

ክቡርነታቸው ሱቅ በር ላይ ይቆማሉ፤ ከኋላቸው አምስት ሰው በብርድ ይንቀጠቀጣል። በእንፋሎት መታጠቢያችን በሳውና ውስጥ ውሃ ቀድተው፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ሳያፈሱ፣ ጭልፋውን እንደያዙ ያዳምጣሉ። «ምን ሆንክ ደግሞ?» ስንላቸው፣ «ቆይ፣ ቀልቤ አልደረሰም» ይላሉ። አንድ ጊዜ ሬሳ ተሸካሚዎችን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አስቁመው ነበር። ሟቹ ራሱ ሳይሰለቸው አልቀረም።

እዚህ ላይ ማዕረጉን ለጊዜው አስቀምጠዋለሁ።

የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ በፋሲካ ማለዳ፣ ታናሽ ወንድሜ ታውኖና እኔ እንደ ልማዳችን በረዶ የሆነውን ሐይቅ በእግር አቋርጠን ማዶ ልናስቀድስ ወጣን። መንገዱን የሚያመለክቱት የጥድ ቅርንጫፎች እንደተተከሉ ነበሩ። እኛ ዘንድ ቅርንጫፉ ከቆመ መንገዱ አለ ማለት ነው። ኦስካሪ ዳርቻው ላይ ቆሟል።

«አትሂዱ» አለ።

«ምን አየህ?» አለው ታውኖ።

«እንጃ። ቀልቤ እንቢ አለኝ።»

«ቀልብህማ ሚስት እንዳታገባም እንቢ ብሎሃል።»

እኔ ሳቅሁ። ኦስካሪ የሁለታችንንም ክንድ ያዘ። ታውኖ መንጭቆ አስለቀቀው፤ እኔ ግን ሳቁ ጉልበት ስላሳጣኝ በእጁ ቀረሁ። ወንድሜ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄደ። ያገኘነው ማክሰኞ ነው።

ከቀብሩ በኋላ «እንዴት አወቅህ?» አልሁት፣ በቁጣ።

«አላወቅሁም» አለ። «በዋዜማው በዱላዬ ስመታው በረዶው ይጮህ ነበር፤ ጠዋት ስመታው እንደ ረጠበ እንጨት ዝም አለ። ቅርንጫፎቹ ሥር ደግሞ ዙሪያውን ውሃ አቁሮ ነበር። ይህን ሁሉ የገጣጠምኩት ግን ከሰጠመ በኋላ ነው። ያኔ ብነግረው ይቆም ነበር።»

ውሃውን እኔም አይቼዋለሁ። ጫማዬ እንዳይርስ ብቻ ነበር የተጠነቀቅሁት።

አሁን ሁለታችንም ሰማንያን አልፈናል። ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቅ አብረን እንወርዳለን፤ ክቡርነታቸው በየደረጃው ይቆማሉ።

«አንተን ሞት ራሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል» እላቸዋለሁ።

«ይጠብቃ» ይላሉ።

ክንዳቸውን እይዛለሁ። እስኪራመዱ ድረስ እኔም እቆማለሁ።