የሊቀመንበሩ ደረት

ውጭ አገር ታክሞ የመጣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ በሽታ ስንድን ያበቃል፤ የእሱ ግን ከዳነ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ጅማ መርካቶ ውስጥ ቡና የሚነግዱ አንድ ቀኛዝማች አሉ። ለከተማው ሆስፒታል የራጅ መሣሪያ የሚገዛ ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀመንበር ሆኑ። ከሰኮሩ እስከ የቡ ከተማ ያለው ገበሬ ከቡናው እየቀነሰ አዋጣ። ቡናው በተሸጠ ሰሞን ቀኛዝማች ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። ኮሚቴው ተሰብስቦ መከረ። ሊቀመንበሩ ከሞቱ መሣሪያውን ማን ይገዛዋል? በዚያው ገንዘብ ቤይሩት ሄደው እንዲታከሙ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ከዚህ የበለጠ አርቆ ማሰብ ከየት ይመጣል?

ቀኛዝማች ድነው ተመለሱ። የደረታቸውን ራጅ መስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። ጠያቂ ሁሉ "እንኳን እግዜር ማረዎት" ይልና ቀና ብሎ የጎድን አጥንታቸውን ያደንቃል። እኔም አድንቄያለሁ፤ ቤይሩት ደርሶ የመጣ ሳንባ እንዲሁ አይታለፍም።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ሳለ አዴ ዘሃራ የሚባሉ ከየቡ የመጡ አሮጊት እየሳሉ ገቡ። ቡና ካዋጡት አንዷ ናቸው። ሆስፒታላችን "ራጅ ስለሌለን አዲስ አበባ ይሂዱ" ብሎ መልሷቸዋል። የተሰቀለውን ትክ ብለው አዩት።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ራጅ ነው" አሉ ቀኛዝማች ኮራ ብለው።

"አልሐምዱሊላህ! ለካ መጥቷል" አሉ አዴ ዘሃራ፣ ነጠላቸውን ከደረታቸው ላይ እየገለጡ። "በሉ የእኔንም ደረት እዚሁ ውስጥ ይፈልጉልኝ፤ ቡናዬ ገብቶበታል።"